ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?

እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። እኔ ስልኬን ከትንሿ ስፒከር ጋር አገናኝቼ የአሜሪካዊውን ጊታሪስት የጆርጅ ቤንሰንን «ብሪዚን» የተባለ አልበም ከፈትኩ። ሁለት ደቂቃ ሄደ። ሦስት ሄደ። አራተኛው ላይ እናቴ መቁያውን ከእሳቱ አነሳ አደረገችና «አንቺ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ።

«ጀምሯል እኮ እማዬ። ጊታሩ ነው የሚዘፍነው።»

«እሱማ ይሰማኛል። ሰውየው መቼ ነው የሚገባው ነው የምልሽ።»

ሰውየው የሚገባው ሁለተኛው ላይ ነው። እዚያ ይዘፍናል። ከዚያ በኋላ እስከ አልበሙ መጨረሻ ግጥም የሚባል ነገር የለም። ስድስት ሥራ፣ አንድ ግጥም። ይህን ስነግራት «ታዲያ እንዴት ተሸጠለት?» አለች። ቡናው ደርሶ ነበር፤ መቁያውን አዙራ ጭሱን አስሸተተችኝና ወሬው እዚያ ላይ ቆመ።

ጥያቄዋ ግን ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። ልክ ነዋ። እንዴት ተሸጠለት?

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። «ብሪዚን» የወጣው በ1976 ነው፤ በኛ 1968 መሆኑ ነው። በአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት በቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዦች ላይ በፖፑም፣ በአር ኤንድ ቢውም፣ በጃዙም አንደኛ ወጣ። ሦስቱም ላይ። አሜሪካ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፕላቲነም ሆኗል፤ 3 ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው። የጃዝ ጊታሪስት እንዲህ ያለ ቁጥር አይለምድም፣ ያኔም ዛሬም።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ማታ ጊታር እለማመዳለሁ። ጊታር ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ይህ አልበም 39 ደቂቃ አይሞላም። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ጆሮዬ ላይ ስሰካው ቃሊቲ አካባቢ ስንደርስ አንዴ ያልቃል፤ መንገዱ ከተዘጋጋ ሁለቴ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ፣ የሰው ክርን ጎኔ ውስጥ ገብቶ፣ ከፊት ለፊታችን የሲሚንቶ መኪና ቆሞ፣ ያ የመጀመሪያው ዜማ ሲገባ ትከሻዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። ስሙም ከዚያው ነው፤ ነፋሻ አየር ላይ እንደመንሳፈፍ ያለ ነገር ነው። እዚህ የኛ ሰፈር ነፋስ ብርቅ አይደለም፣ በበጋ አቧራውን ከእርሻው በኩል አንስቶ በየመስኮቱ ያስገባል። የዚህኛው ነፋስ ግን አቧራ የለውም።

ጊታር የሚጫወቱ ጓደኞቼ ዘንድ ይህን አልበም ማንሳት ቀላል አይደለም። ግማሾቹ «የሆቴል ሎቢ ሙዚቃ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ቤንሰን ከዚህ በፊት ነበር የሚጫወተው፣ እዚህ ላይ ጃዙን ሸጠው» ይላሉ። ክርክሩ የነሱ ብቻ አይደለም፤ ያኔም አሜሪካ ውስጥ የጃዝ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ብለውታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዛሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። ጆርጅ ቤንሰን በ1943 ፒትስበርግ ተወለደ። (ሙላቱ አስታጥቄም በ1943 ነው ጅማ የተወለደው። እኩዮች ናቸው። ይህን ያወቅኩ ዕለት ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አለኝ።) ገና በ7 ዓመቱ ዩኩሌሌ ይዞ እየዘፈነ ሳንቲም ያገኝ ነበር፣ በ10 ዓመቱ «ሊትል ጆርጂ» ተብሎ ሸክላ አስቀረጸ። ልብ በሉ፣ ሲጀምር ዘፋኝ ነው። ከዚያ ጊታሩ ወሰደው። በ20ዎቹ ዕድሜው መግቢያ ላይ ከኦርጋን ተጫዋቹ ከጃክ ማክዳፍ ጋር ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖረ፤ በ1964 በራሱ ስም የመጀመሪያውን አልበም አወጣ። በ1968 ታላቁ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስ አልበሙ ላይ አስገብቶታል። ማይልስ እንግዲህ ጊታር ዝም ብሎ የሚያስገባ ሰው አልነበረም። ያኔ ቤንሰን ገና 24 ዓመቱ ነው። አልፎ አልፎ በአልበሞቹ ላይ ይዘፍናል፣ ሰው የሚያውቀው ግን በጣቱ ነው።

ከዚያ ወደ ሙዚቃ አሳታሚው ዋርነር ብራዘርስ ተዛወረ። ፕሮዲውሰሩ ቶሚ ሊፑማ ነበር። ሆሊውድ ካፒቶል ስቱዲዮ ገቡ፣ በ1976 ከጃንዋሪ 6 እስከ 8። ሦስት ቀን። በቃ ሦስት ቀን።

ቀኑን ወደኛ ስመልሰው ደነገጥኩ። መሀለኛው ቀን ጃንዋሪ 7 ነው። በኛ የ1968 ገና። ዘመነ ዮሐንስ ስለነበረ ታኅሣሥ 28 የዋለው ገና። እነሱ እዚያ ማይክሮፎን ሲያስተካክሉ እዚህ ሰው ጾሙን ፈቶ ዶሮውን ይበላል፣ ማታም በሰዓት እላፊ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ምድር ቤት፣ ከኛ ደረጃ ሥር ናቸው የሚኖሩት። መሀል ከተማ የነበረው ሰፈራቸው ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጡት። ዕቃ ሲያወርዱ ሳግዛቸው አንድ ማዳበሪያ ከበደኝ፤ ሙሉው ካሴት ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ ገመዱ የተበጠሰ ጊታር ተሰቅሏል። በደርግ ጊዜ ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ባንድ ውስጥ ሪትም ጊታር፣ ማለትም ከኋላ ሆኖ ምቱን የሚይዘውን ጊታር፣ ይጫወቱ ነበር።

«ያን ገና አስታውሰዋለሁ» አሉ። «ሰዓት እላፊ ሳይደርስ የገባ ሰው እዚያው ያድራል። በሩ ይዘጋል፣ እኛ እስኪነጋ እንጫወታለን። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቀስ ያለ ነገር ነበር የምንጫወተው፣ የተኛውን እንዳንቀሰቅስ፣ ያልተኛው ደግሞ እንዳይከፋው።»

የተኛውን እንዳንቀሰቅስ፣ ያልተኛው ደግሞ እንዳይከፋው። እኔ ስለ «ብሪዚን» ስድስት ዓመት ሙሉ ልለው የፈለግኩት ይህን ነበር።

«ሎቢ ሙዚቃ» የሚሉት ሰዎች የሚሰሙት ለስላሳነቱን ብቻ ነው። እስቲ የመጀመሪያውን ሥራ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ዜማው የቦቢ ዎማክ ነው። በ1971 ሀንጋሪያዊው ጊታሪስት ጋቦር ሳቦ ተጫውቶታል፣ የዚያም ፕሮዲውሰር ይኸው ሊፑማ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ያንኑ ዜማ አንስቶ ለቤንሰን አመጣለት ማለት ነው። ጥቂት ኮርዶች ክብ ሠርተው ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ። ዜማው ሕፃን ልጅ በአንድ ቀን የሚያፏጨው ዓይነት ነው። ቤንሰን ያን ዜማ ምንም ሳይጨምርበት በትሕትና ይጫወተዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ዳር ዳሩን መንካት ይጀምራል። አንድ ፈጣን ሐረግ ይጥልና ወዲያው ወደ ዜማው ይመለሳል፤ ጎረቤት ቤት ብቅ ብሎ ጨው ተበድሮ እንደሚመለስ ሰው። ፍጥነቱ እንዳለ እጁ ውስጥ ነው። የማክዳፍ ጊዜ ቤንሰን የትም አልሄደም። እየመረጠ ነው የሚናገረው።

ይህን በጆሮ ብቻ ስሰማው አልገባኝም ነበር። የገባኝ ልጫወተው ስሞክር ነው። የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች ለማግኘት አንድ ማታ በቂ ነው። ኖታዎቹ ቀላል ናቸው። ግን ስቀርጸውና መልሼ ስሰማው የኔው እንደ ትምህርት ቤት ንባብ ነው፣ ፊደሉ ሁሉ አለ፣ ሰው የለም። ስልኬ ላይ ፍጥነቱን ግማሽ አድርጌ ሰማሁት። ያኔ ነው ያየሁት። አንዳንዱን ኖታ ከድራሙ ትንሽ ዘግየት አድርጎ ነው የሚያሳርፈው፣ ቀጣዩን ደግሞ ቶሎ ብሎ ይደርስበታል። አንዱን ኖታ ከታች ተንሸራቶ ይገባበታል፣ ሌላውን ከላይ። ፒኩን፣ ገመዱን የምንመታባትን ትንሽ ፕላስቲክ፣ የሚይዘው ደግሞ እኛ እንደተማርነው አይደለም፤ ወደ ሌላኛው ጎን አዘንብሎ፣ የፒኩ ጠርዝ ሕብረቁምፊውን በስሱ እንዲገፈው አድርጎ ነው። እኔም ሞከርኩት። መጀመሪያ አውራ ጣቴ መገጣጠሚያው ላይ ታመመኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን አንድ ማታ፣ መስኮቱ ክፍት ሆኖ፣ አንዲት ኖታ ያለ ምንም ቅራፊ ድምፅ፣ ክብ ሆና ወጣች። አንዲት ኖታ። እንደ ውሃ ጠብታ። ደግሜ ልመታት ስሞክር አልመጣችም። አሁንም እየፈለግኳት ነው።

ጋሼ ጋር ስሰማው ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩኝ። «ሁሉም ሰው ፊት ያለውን ነው የሚሰማው» አሉ። «አንቺ እስቲ ከኋላው ያለውን ጊታር ስሚ።» ከኋላ ያለው ፊል አፕቸርች ነው፣ ሪትም ጊታር። ስድስት ዓመት ስሰማው እዚያ ሁለተኛ ጊታር እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን አዳምጬው አላውቅም ነበር። አጭር አጭር አድርጎ ይነካና ያፍነዋል። ይነካል፣ ያፍናል። ለቤንሰን ወንበር እያቀረበለት ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ የሱን ምት መቱት፣ አንድም አልሳቱም። አርባ ምናምን ዓመት ጊታር አልያዙም እኮ። አልበሙ ላይ ሦስተኛው ሥራ የፊል አፕቸርች ድርሰት መሆኑን ስነግራቸው «ይገባዋል» ብለው ዝም አሉ።

ሌሎቹም ቀላል ሰዎች አይደሉም። ድራሙ ሃርቪ ሜሰን ነው፣ ቤዙ ስታንሊ ባንክስ፣ ኪቦርዱ ሮኒ ፎስተር፣ ፒያኖው አርጀንቲናዊው ሆርሄ ዳልቶ፣ ፐርከሽኑ ራልፍ ማክዶናልድ። ቫዮሊኖቹን ያቀናበረው ጀርመናዊው ክላውስ ኦገርማን ነው። ስለ ቫዮሊኖቹ ብዙ ሰው ያማርራል፣ ስኳር በዝቶበታል ይላል። እኔ አንድ ሁለት ቦታ ላይ እቀበላለሁ፣ ባይኖሩ እመርጥ ነበር። ቀረጻው ግን ንጹሕ ነው። አል ሽሚት ለዚህ የድምፅ ሥራ ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ወስዷል። በርካሽ ጆሮ ማዳመጫ እንኳን፣ ሚኒባስ ውስጥ እንኳን፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የቆመበት ቦታ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሥራ። «ዚስ ማስከሬድ»። የሊዮን ረስል ድርሰት ነው፣ በ1972 የወጣ፤ ካርፔንተርስም ከቤንሰን በፊት ዘፍነውታል። ፍቅራቸው አልቆ ጭምብል አጥልቀው አብረው ስለሚኖሩ ሁለት ሰዎች ነው የሚያወራው። አልበሙ ላይ ያለው ከ8 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ለሬዲዮ ሲሆን ከግማሽ በላይ ቆርጠው አወጡት፣ እስከ አሥረኛ ደረጃ ወጣ፣ በ1977ቱ ግራሚ የዓመቱ ምርጥ ቀረጻ ተባለ። በዚያው ምሽት «ብሪዚን» ደግሞ በምርጥ የፖፕ የመሣሪያ ሙዚቃ ዘርፍ አሸነፈ። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን። በግጥምም አሸነፈ፣ በመሣሪያም አሸነፈ፣ ሁለቱንም ያሸነፈው አንድ ሰው ነው።

ቁርጡን ሳይሆን ሙሉውን ስሙ። ሲጀምር ቃል የለም። ጊታሩ አንድ ዜማ ይመታል፣ ቤንሰንም ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ኖታ፣ በዚያው ቅጽበት በአፉ ይለዋል። ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው፣ «ዱ ባ ዳ» የሚመስል። ከጣቱና ከጉሮሮው የቱ እንደሚቀድም አይታወቅም። ፈጥኖ ሲሄድ ሁለቱም ይፈጥናሉ፣ ሲቆም ሁለቱም ይቆማሉ። ከዚያ ግጥሙ ይገባል። በመሀል ሆርሄ ዳልቶ ፒያኖ ላይ ሶሎ ይወስዳል፣ ማለትም ብቻውን ወደ ፊት ወጥቶ ይጫወታል፣ ይህን ሶሎ እባካችሁ አትዝለሉት።

ፈረንጆቹ ያኔ በዚህ በድምፅና በጊታር አብሮ መሄድ በጣም ነው የተገረሙት፣ ዛሬም የቤንሰን መታወቂያ እሱ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስሰማው የተሰማኝ መገረም አልነበረም። የማውቀው ነገር ነው የመሰለኝ። የት ነው የማውቀው እያልኩ ቆየሁ። በኋላ አንድ ሠርግ ላይ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ጭኑ መሀል አድርጎ ሲጀምር፣ ገባኝ። አዝማሪ እኮ ዜማውን ሲያወጣ ማሲንቆው አብሮት ይወጣል፣ ሲወርድ አብሮት ይወርዳል፣ ቃሉን ሲጨርስ ማሲንቆው የቀረውን ይጨርስለታል። ድምፁና መሣሪያው ሁለት ሰው አይደሉም። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስትዘፍን ክራሩን «አጃቢ» ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ አላዳመጣትም ማለት ነው። እኛ ይህን ከድሮም እንሰማዋለን። ቤንሰን ከማንም አዝማሪ ተማረ እያልኩ አይደለም፣ እሱ ፒትስበርግ መንገድ ላይ በ7 ዓመቱ ዩኩሌሌ እየመታ ሲዘፍን ራሱ ያገኘው ነው። የምለው፣ ጆሯችን ለዚህ ሰው ዝግጁ ነው። እናቴ «ሰውየው መቼ ነው የሚገባው?» ስትል እኔ መመለስ የነበረብኝ «ከመጀመሪያዋ ሴኮንድ ጀምሮ እዚሁ ነው» ብዬ ነበር።

ለዚህ ነው «ሸጠው» በሚለው የማልስማማው። መሸጥ ቢፈልግ ስድስቱንም ይዘፍናቸው ነበር። ድምፁ ነበረው፣ ቆንጆ ድምፅ ነው፣ በኋላ ባወጣቸው አልበሞች ላይ ብዙ ዘፍኗል፣ በ1980 ከፕሮዲውሰሩ ከኩዊንሲ ጆንስ ጋር የሠራው ላይ ጊታሩ ወደ ኋላ ሄዶ ዘፋኙ ወደ ፊት ወጥቷል፤ እሱንም እወደዋለሁ፣ ለጭፈራ ነው። «ብሪዚን» ላይ ግን ገና አልተለያዩም። ዘፋኙ ጊታሪስቱን ዝም አላሰኘውም፣ ጊታሪስቱም በዘፋኙ አላፈረም። ከአልበሙ 39 የማይሞሉ ደቂቃዎች ውስጥ 30ውን ያህል ያለ አንዲት ግጥም ነው የሚጫወተው፣ ሕዝቡም ገዛው። ሕዝብ መሣሪያ ብቻ አይሰማም የሚል ሰው ይህን እንዴት ያስረዳው ይሆን? እዚህም እኮ ብዙ ልጆች ይህን እየተባሉ ነው የሚያድጉት። «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ዘፋኝ ፈልጊ።» እኔንም ብለውኛል። ዘፋኝ ፈልጌ አውቃለሁ። አሁን ግን ማታ ማታ በር ዘግቼ የምጫወተውን በአፌ ለማለት እለማመዳለሁ፤ አንዲት አጭር ሐረግ፣ አምስት ኖታ፣ በቀስታ። ከሚገርመኝ ነገር አንዱ፣ በአፌ ስለው ጣቴ የማያስፈልገውን ኖታ ይተዋል። ትንፋሽ ስለሚያልቅብኝ ሐረጉም ያልቃል። ጊታር ብቻውን ሲሆን ትንፋሽ የለውም፣ ሰው ዝም በል እስኪለው ያወራል።

ወደ ጋሼ ልመለስ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የሳቸው ነገር ነው።

ከዚያ ማዳበሪያ ውስጥ አንድ ካሴት አውጥተው አሳዩኝ። የስልሳ ደቂቃ ካሴት፣ ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ቤንሰን» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ባንዱ ውስጥ የነበረ ጓደኛቸው ከውጭ ከመጣ ሸክላ ላይ ቀድቶ የሰጣቸው ነው። ቴፑ እስኪሰለቸው ሰምተውታል። የካሴቱ ክር ሲወጣ በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ ነው ያቆዩት። ቴፕ ሪከርደራቸው አሁንም ይሠራል፣ ክዳኑ ግን ስለማይዘጋ በጣታቸው ደግፈው ነው የሚያጫውቱት።

ከፈቱት። ድምፁ ትንሽ ይዋዥቃል፣ እንደ ውሃ ውስጥ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው የሆሴ ፌሊሲያኖ ድርሰት ነው፤ እሱም ጊታሪስትና ዘፋኝ ነው። አምስተኛው ገባ። መሀሉ ላይ፣ ቤንሰን ሶሎው ውስጥ እያለ፣ ጋሼ ሳያስቡት ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ወዲያው ቀጭ አለ። ካሴቱ አለቀ።

ስልሳ ደቂቃ ካሴት በአንድ ጎኑ ሠላሳ ደቂቃ ነው የሚይዘው። አልበሙ ሠላሳ ስምንት ምናምን ነው። ጓደኛቸው ሸክላውን አዙሮ ሲቀዳ ካሴቱ እየጠበበ መሆኑን አላየም ወይም ግድ አልሰጠውም። በሌላኛው ጎን ሌላ ሰው ነው ያለው።

«ከዚህ በኋላ አያውቁትም?» አልኳቸው።

«አላውቀውም። ሌላ ቅጂ የት ይገኛል? ሸክላው የሰው ነው፣ ሰውየውም ወጣ። በኋላ እኔም ጊታሩን ተውኩት፣ ልጅ ማሳደግ መጣ።» ትንሽ ቆዩና «ራሴ ነኝ የምጨርሰው። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሲቆም በልቤ እጨርሰዋለሁ» አሉ።

አምስተኛው «ሶ ዚስ ኢዝ ላቭ» ነው። ከስድስቱ ውስጥ ቤንሰን ራሱ የደረሰው እሱን ብቻ ነው።

ስልኬን አወጣሁ። ዳታ አልነበረኝም፣ ግን አልበሙን ካወረድኩት ቆይቷል። አምስተኛውን ከመጀመሪያው ከፈትኩላቸው፣ ስፒከሯን ጠረጴዛው ላይ፣ ከቴፑ አጠገብ አስቀመጥኳት። ያቺ ቦታ ስትደርስ እጃቸው አሁንም ተነሳ። ሙዚቃው ግን አልቆመም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሶሎው ቀጠለ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ዞረ፣ ጋሼ ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው የማያውቁት ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያናግራቸው እንደሚሰሙት ሆነው ሰሙት። መሀል ላይ አንድ ጊዜ «አይ፣ እኔ በዚህ በኩል ነበር የምወስደው» አሉ፣ ለራሳቸው ነው።

አለቀ። ስድስተኛው ተከተለ፣ እሱንማ ጭራሽ መኖሩንም አያውቁም። ቀስ ያለ ነው፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የሚጫወቱት ዓይነት። የእጃቸው ጣቶች እንደገና ጉልበታቸው ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ ፊል አፕቸርችን እየተከተሉ፣ ሰምተውት የማያውቁትን ነገር።

«ይሄን ማን ነው የደረሰው?»

«ሮኒ ፎስተር ነው ጋሼ። ኪቦርድ የሚጫወተው።»

«እሺ» አሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ጊታር አዩ። «ገመድ ስንት ነው አሁን?»

ነገርኳቸው። ብዙ ነው አሉ። ብዙ ነው። እኔ ቤት ያልተከፈተ አንድ ሙሉ ገመድ እንዳለኝ ትዝ አለኝና ደረጃውን ወጣሁ። ስመለስ ጊታሩን ከግድግዳው አውርደው፣ ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉት ነበር፣ ስድስተኛውም ከመጀመሪያው እየተጫወተ ነበር።